ወደ ኮረም የተላከው ልክ

ባለፈው ጥር ሰቆጣ ደርሼ ነበር። እህቴ ታማ ልጠይቃት ነው የሄድኩት። እሷ ስትተኛ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁና እግሬ ሚካኤል ደጅ አደረሰኝ። ከቅጥሩ ውጪ፣ ዛፍ ሥር፣ ሁለት ጎረምሶች ከበሮ ይጠፍራሉ። ገና ሳላያቸው ሽታው ቀደመኝ። ውኃ ውስጥ የከረመ የበሬ ቆዳ እንዴት እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ባለሁበት ቀረሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልክ እንዳጠፋ ልጅ።

«አባባ፣ ደከመዎት? ይቀመጡ እንጂ» አለኝ አንደኛው፣ ከተቀመጠበት ድንጋይ እየተነሣልኝ።

ተቀመጥኩ። የነዚህን ልጆች ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የዚያን ዓመቱን ላውጋችሁ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወይ አሥር። እኛ ቤት የልደት ቀን የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ገብሬ ይባላል፤ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነበር። ከሰቆጣ ይነሣና ጣሊያን በጠረገው መንገድ መኪና እስከሚቆምበት ኬላ ድረስ ይሄዳል፤ የሚላከውን ወረቀት ሰጥቶ የመጣውን ተቀብሎ ይመለሳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ። በእግር ከሆነ መሄጃው ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አባቴ ደግሞ ተረከዙ ላይ የቆየ ቁስል ነበረው፤ ረጅም መንገድ ከረገጠበት ይከፈትና ይደማል። እንጀራችንን ያቆየልን እንግዲህ ብስክሌቱ ነው።

ብስክሌቱን ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። የሩጫ ነው ይሉታል። ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ፣ ቀለሙ ተላልጦ ተላልጦ እናቴ አረንጓዴ ነው ስትል አባቴ ሰማያዊ ነው እያለ ሲከራከሩበት የሚኖሩት ነው። አባቴ ቁልቁለቱን ይጋልበዋል፣ ዳገቱን ይገፋዋል። ሲመለስ የሰንሰለቱን ድምፅ ከሩቅ እሰማና ከቤት ተፈትልኬ እወጣለሁ።

ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጋት ነገር ነበረች። የኋላውን ጎማ ከመሬት ያነሣና ያሽከረክረዋል። ከዚያ አናቱን ይይዝና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቀንቀዋል።

«ሞላ፣ ና ስማ» ይለኛል። «ቀጭ ቀጭ ካለ ፔርኖው ልክ አይደለም። ዝም ካለ ደህና ነው።»

ፔርኖ የሚለው በጎማው መሃል ሰንጥቆ የሚያልፈውን ብረት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በብስክሌቱ የኋላ ክንዶች ጫፍ ባለው ቀዳዳ፣ ጆሮ በምንለው፣ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ከውጪ ጥርሳቸው ላይ ዳዶ እየተጠመዘዘ ይታሰርባቸዋል። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ። ጎማው ዝም ሲል አባቴ ፊቱ ይፈታል። ብስክሌት ጠባዩን የሚያሳየው ዝም በማለት ነው ብዬ አምን ነበር፤ እኔንም ዝም በል የሚሉኝ ለዚሁ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ሊያልቅ ሲል አባቴ ሳይሰማ መጣ። ሰንሰለቱ አልተሰማም። ወጥቼ ሳይ ብስክሌቱን ተሸክሞታል፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው፣ ከኋላው መንገዱ ላይ ደም ጠብ ጠብ ብሏል። ቁልቁለቱ ላይ ፔርኖው ለሁለት ተሰብሮ፣ አንደኛው ስባሪ ከነዳዶው ገደል ገብቷል።

የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤት ድረስ መጥቶ ቁስሉን አየ። «ገብሬ» አለው፣ «እኔ አንተን ማጣት አልፈልግም። ወረቀት ግን ቁስል እስኪድን አይጠብቅም። እስከ ቃና ዘገሊላ እንደምንም ተላላክ። ከዚያ ማግሥት ብስክሌቱ ካልተነሣ ባለ በቅሎ ለመቅጠር እገደዳለሁ።»

«ይነሣል ጌታዬ» አለ አባቴ። እናቴ ግን ጸሐፊው ከወጣ በኋላ ድስቱን አማስላ ትታው ወጣች፣ ተመልሳ ገባች፣ እንደገና ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲያ ቤታችን ውስጥ ተደላድሎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ተደላድለው የሚቀመጡት አያ ተስፉ ብቻ ነበሩ። የእናቴ አባት ናቸው፤ እኛው ግቢ ውስጥ ባለችው ጎጆ ይኖራሉ። ሰው ሁሉ አያ ተስፉ ስለሚላቸው እኔም አያ ነበር የምላቸው። ሥራቸው ከበሮ መጠፈር ነው። ከአምደወርቅ፣ ከሰሃላ፣ ከየት ከየት ቄሶች ይመጡባቸዋል። ያን ዓመት የሚካኤልን ትልቁን ከበሮ እንዲያድሱ ታዘው ነበር፤ ለጥምቀት። ለኅዳር ሚካኤል የታረደው በሬ ቆዳ ተሰጥቷቸው፣ ደርቆ ኖሮ አሁን ከጎጇቸው በር በገንዳ ውኃ ተዘፍዝፏል።

አያ ሲጠፍሩ ማየት እወድ ነበር። እርጥቡን ጠፍር በከበሮው ወገብ ያመላልሱታል፣ በእግራቸው ይረግጡታል፣ በጥርሳቸውም ይስቡታል፤ በዚያ ላይ ከንፈራቸው አያርፍም፣ በኽምጣንጋ ሹክ ሹክ ይላሉ። እኔ ቋንቋውን ብዙም አልሰማውም፤ ከተማ ከአባቴ ጋር በአማርኛ ነው ያደግሁት። ጸሎት ነው ብዬ ደመደምኩ። በሦስተኛው ቀን ከበሮውን በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ድም! ይላል፤ ያ የላላ ቆዳ እንደ ብረት ተወጥሯል። ከበሮን የሚወጥረው ጸሎት ነው ብዬ ነበር ያደግሁት። ይቺን ያዙልኝ።

አዲስ ፔርኖ ያለው ኮረም ነው። እዚያ ብስክሌት የሚጠግን ሰው አለ፤ ልኩን ከላኩለት ረጅሙን ፔርኖ በመጋዝ ቆርጦ ይልካል። ወደ ኮረም የሚነግደው ደግሞ ወዳጃችን እንድሪስ ነው፤ ሦስት በቅሎ አለው፤ ደርሶ ሸጦ ገዝቶ እስኪመለስ ከሁለት ሳምንት ያልፋል። ሊነሣ ባለበት ጧት አባቴ ጽሕፈት ቤት ተጠራ። ልኩን የወሰዱት አያ ናቸው። ከጎጇቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ፣ እንደ ጭራሮ የደረቀ ጠፍር አወረዱ፤ ከአንደኛው ጆሮ እስከ ሌላኛው፣ ለዳዶው ትርፍ ጨምረው፣ በሁለት ቦታ ቋጠሩት።

«ለእንድሪስ አድርስና ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ በለው» አሉኝ። «መንገድ ላይ እንዳትጫወት።»

«እሺ አያ።»

እና ተጫወትኩ። ምን ልበላችሁ! ውሻችን መቻል ተከትሎኝ ነበር፤ አንገቱ ላይ ጠፍሩን አሰርኩና ፈረስ ነህ አልኩት። ፈረስነቱን አልወደደውም። ተፈራግጦ አውልቆ በአፉ ያዘና ወደ ቁልቋሉ ውስጥ ጠልቆ ሮጠ። ስደርስበት የሚውጠው የመጨረሻዋን ቋጠሮ ነበር።

እንድሪስ በቅሎዎቹን እየጫነ ነው። ለአያ ብናገር ዱላው አለ፤ ከዱላው በላይ ግን እንድሪስ ይሄዳል። ወደ ቤት በረርኩ። አያ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ እናቴ ወንዝ ወርዳለች። ግድግዳው ላይ ሌላ ጠፍር የለም። ገንዳው ውስጥ ያ ትልቁ ቆዳ ተንጣሏል። የአያን ካራ አነሣሁ፤ ከጠርዙ እንደ ጣቴ የሰፋች ቅዳጅ ቆረጥኩ። የሚካኤል ቆዳ ነው! ካራው ሲገባ ጀርባዬን በረደኝ። ግን ቆረጥኩ።

ብስክሌቱ ጋ ሄድኩና ለካሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ አያ እንዳደረጉት ለዳዶው ትርፍ ጨምሬ። እውነቴን ነው፣ ከአያ ይልቅ ተጠንቅቄ ነው የለካሁት። አህያ የምናስርበትን ቋጠሮ ቋጠርኩበት፤ ሌላ አላውቅም ነበር።

እንድሪስ ተቀብሎኝ መዳፉን አየ። «ምነው ይሄ አላበው?»

«ውኃ… ወንዝ ውስጥ ወድቆብኝ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አንተን በረሃ ቢልኩህም ረጥበህ ነው የምትመጣው!» ብሎ ሳቀና ጠፍሩን ከመሪዋ በቅሎ ጭነት ላይ፣ ፀሐይ እንዲመታው፣ አሰረው። በቅሎዎቹ ሲሄዱ ያቺ ቅዳጅ ከጭነቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል እስክትጠፋኝ አየኋት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ።

አባቴ በእግሩ ይላላክ ጀመር። አንድ ቀን ሄዶ በማግሥቱ ይመለሳል፤ እናቴ እግሩን በሞቀ ውኃ ታጥባለች፣ ውኃው ይቀላል። ሲያርፍ እንኳ አያርፍም፤ ተገልብጦ የቆመውን ብስክሌት ዞሮ ያየዋል፣ ባዶዎቹን ጆሮዎች በጨርቅ ይወለውላል፣ ይመለሳል። ሰንሰለቱን በቅቤ ይቀባል፤ እናቴ «ለጎመን ያጣሁትን!» ትላለች። «ጾም ነው ያለነው፣ ምን ያደርግልሻል?» ይላታል። ትስቃለች፤ ሳቋ ግን አጭር ነው።

እኔ ደግሞ ጧት ማታ ከቤታችን በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ነኝ። የኮረም መንገድ ከዚያ ይታያል። የማንም በቅሎ ብቅ ባለች ቁጥር እነሣለሁ፤ የእንድሪስ አይደለችም፤ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ከመቀመጤ በፊት እንደገና እነሣለሁ። ቆዳውን ከገንዳ አውጥተው ለከበሮ ሲቆርጡት አያ ጠርዙ ላይ ያለችውን ጉድለት አይተው ዝም ያሉ መሰለኝ። ወይም አላዩም። ቅዳሴ ላይ የሚካኤልን ሥዕል ቀና ብዬ ማየት ተውኩ፤ ሰይፉ የተመዘዘው ለኔ ይመስለኝ ነበር።

ገና ባለፈ በአራተኛው ቀን እንድሪስ መጣ። ጉብታው ላይ ሆኜ ጮህኩ፤ ከሱ ቀድሜ ቤት ደረስኩ። አባቴ በዚያ ቀን ቤት ነበር፤ አያም ወጡ። እንድሪስ ከጉያው ጨርቅ አውጥቶ ፈታ። ፔርኖው አዲስ፣ በዘይት የሚያብለጨልጭ፣ ዳዶዎቹ ከነጥርሳቸው።

አባቴ ጎማው ውስጥ አሳለፈው። ጎማውን አንሥቶ ክንዶቹ መሃል አስገባ። በቀኝ በኩል ጆሮው ውስጥ ገባ። በግራ በኩል ጫፉ ጆሮው አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። አባቴ አውጥቶ አዙሮ አስገባው። አሁን በግራ ገባ፣ በቀኝ ቀረ። የጣት ውፍረት ያህል ያንሳል። ዳዶ የሚይዘው ጥርስ የለውም።

ከዚያ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «እንድሪስ፣ ምን አደረግኸኝ?» አለው።

«እኔ? ወላሂ እኔ ምንም!»

«ልክ ልኬልህ ነበር።»

«ልክህን ሰጠሁት! ዓይኔ እያየ ነው የቆረጠው!»

«መንገድ ላይ ጥለኸው በግምት አስቆርጠህ እንደሆነ ንገረኝ። አልጣላህም። ንገረኝ ብቻ።»

እንድሪስ ፊቱ ተለወጠ። «ገብሬ፣ ስንት ዓመት የሰው አደራ ተሸክሜ ስመላለስ በግምት ያደረስኩት አለ?» ኪሱ ገብቶ ጠፍሯን አወጣ። ወርቃማ ሆናለች፣ ደርቃለች፣ እንደ እንጨት ቀጥ ብላለች። ከፔርኖው ጎን አስቀመጣት። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ትክክል። የፀጉር ታህል ልዩነት የለም።

ከዚያ ብስክሌቱ ላይ አስቀመጣት። አጠረች። የጣት ውፍረት ያህል።

ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። ሦስት ጊዜ! ሚካኤል ነው፣ አልኩ በልቤ። ቆዳዬን ቆርጠሃል ብሎ መንገድ ላይ አሳጠራት።

አያ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ አምጣት።» ጠፍሯን በሁለት ጣታቸው ይዘው አጎበጧት፤ አሸተቷት፤ ቋጠሮዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንዴ የአህያ ቋጠሮዋን፣ አንዴ እኔን አዩ። አጭር ነው አስተያየታቸው፤ ዓይን ውስጥ የገባ ትቢያ ለማውጣት ያህል።

እንድሪስ ደግሞ ትዝ አለው። «ቆይ… ስቀበለው እኮ እርጥብ ነበር። ይሄ ልጅ ወንዝ—»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ።

«ምን?»

«እርጥቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከገንዳው ቆርጬ። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በፀሐይ ሄዳ አጠረች። እንድሪስ፣ አንተ ንጹሕ ነህ። ገብሬ፣ ይቅርታ ጠይቀው።»

እንድሪስ ወደሳቸው ዞረ። «አያ ተስፉ! እርስዎ? ከእርስዎ በላይ ጠፍር የሚያውቅ ሰው ዋግ ውስጥ ማን አለ?»

«እርጅና ነዋ። አንተም ትደርስበታለህ።»

አባቴ አያን እንደማያውቃቸው ሰው አያቸው። ከዚያ እንድሪስ ትከሻ ላይ ጭንቅላቱን አስደግፎ ይቅርታ ጠየቀ። ለአያ ግን ምንም አልተናገረም። ብስክሌቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ቁስሉን በእጁ ያዘ። ያ ዝምታው አያ ላይ ነው የወረደው፤ የወረደባቸው ግን በኔ ፋንታ ነው። እኔ አፌ ውስጥ ምላሴ እንደ ቆዳው ደርቆ ተጣብቋል።

ሌላ ፔርኖ ለማስመጣት ጊዜ የለም። ቃና ዘገሊላ አሥር ቀን አይሞላም።

አያ ብዙ አልቆዩም። ብስክሌቱን ዞረው አዩት፤ የኋላ ክንዶቹን በመዳፋቸው ጨመቁ። ብረቱ ቀጭን ነው፤ ትንሽ ሰጠት ብሎ ተመለሰ።

«ብረቱን ማርዘም አልችልም» አሉ። «ክንዶቹን ግን ወደ ብረቱ ማምጣት እችላለሁ። አጥፊው ጠፍር ነው፤ ይካስ።»

«ይሰበራል» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

«በአንድ ጊዜ ከተሳበ ይሰበራል። ጠፍር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚስብ።»

ከከበሮው የተረፈውን ቁራጭ ዘፍዝፈው፣ በማግሥቱ ሁለቱን ክንዶች ጆሮዎቹ አጠገብ እንደ ከበሮ ወገብ ጠፈሩት። በእግራቸው ረገጡት፤ በጥርሳቸው ሳቡት፤ ከንፈራቸው ሹክ ሹክ አለ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አቆሙት። «ሞላ፣ አንተ አጠገቡ ትውላለህ። መቻል እንዳይበላው» አሉኝ። መቻልን ለምን እንደጠሩ አላውቅም፤ አልነገርኳቸውም ነበር።

ዋልኩ። ጠፍሩን ዓይኔን ሳልነቅል አያለሁ፤ ሲንቀሳቀስ አይታይም። ዞር ብዬ ስመለስ ጠብቧል። አንድ ጊዜ ብረቱ ቅጭ አለ፤ ተሰበረ ብዬ ዘለልኩ። አልተሰበረም። አባቴ ከኬላ እስኪመለስ ድረስ ቀኝ እጄን ጆሮዎቹ መሃል እያስገባሁ ስንት ጣት እንደሚገባ እለካለሁ።

በሦስተኛው ቀን አያ ክር ይዘው መጡ። ከመሪው ሥር አስረው በአንደኛው ክንድ ወደ ኋላ ወሰዱት፤ በሁለቱ ጆሮዎች አዙረው በሌላኛው ክንድ መለሱት። ከዚያ ከክሩ እስከ መሃሉ የመቀመጫ ቧንቧ በሰንበሌጥ ለኩ። በቀኝ በኩል ሰንበሌጡ ገባ። በግራ በኩል ክፍተቱ ሰፊ ሆነ።

«ቀኙ ብቻውን ነው የመጣ» አሉ። «ጎማው ጎን ለጎን ይሄዳል። እንዲህ አይሆንም።» ካራቸውን አውጥተው የሦስት ቀን ጠፍር በአንድ ጊዜ በጠሱት። ክንዶቹ ዘለው ተመለሱ። እናቴ «ወይኔ!» አለችና አፏን ያዘች።

ቀኝ ክንዱን የሚበቃውን ያህል ወደ ውስጥ ገፍተው ከወይራ ግንድ ጋር አስረው እንዳይነቃነቅ አደረጉ፤ ግራውን ብቻ ሳቡ። ስድስት ቀን ቀርቷል። ያኔ ነው ያልቻልኩት። አያ ተጎንብሰው ሹክ ሹክ ሲሉ ፈነዳሁ።

«አያ፣ አይጸልዩ!»

«ምን አልክ?»

«ሚካኤል አይሰማም። ቆዳውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያንተን… የእርስዎን መቻል በላው። ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ፤ ልክ ነበር፤ እሱ ነው ያሳጠረው!»

አያ ጠፍሩን ሳይለቁ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ፈራሁ። እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው እስኪወርድ።

«እኔ መቼ ጸለይኩ? እየቆጠርኩ ነው! ስንት ጊዜ እንዳዞርኩት ካልቆጠርኩ ይጠፋብኛል።» እጄን ይዘው እርጥቡ ጠፍር ላይ አሳረፉት፤ ከዚያ ኮረም ደርሳ ወደተመለሰችው ደረቅ ጠፍር ወሰዱት። «እርጥቡ ይረዝማል፣ ደረቁ ያጥራል። ፀሐይ ናት። ሚካኤል ብዙ ሥራ አለው፤ የገብሬን ብስክሌት ሊያሳጥር አይወርድም።»

«ለአባባ ልንገረው?»

አያ ጥርሳቸው መሃል የያዙትን ጠፍር ሳቡ። «አባትህ አሁን እግሩ ይደማል፣ ሆዱ ይነዳል። አንተን ይመታና ኋላ ይጸጸታል። እኔን ግን አይመታኝ። ይሂድና በሰላም ይመለስ፤ ከዚያ ትነግረዋለህ።»

በከተራ ዋዜማ ክሩ በሁለቱም በኩል እኩል ሆነ። አባቴ ከፔርኖው ላይ የነበሩትን ስስ ቀለበቶች አወጣ፤ ጎማውን አስገባ። ሁለቱ ጫፎች በሁለቱ ጆሮዎች ብቅ አሉ። ትንሽ ነው፤ ግን ጥርሱ ይታያል። ዳዶው ያዘ። አባቴ ዓይኑ እስኪጨልምበት አጠበቀው። አያ ጠፍሩን ቆረጡ። ሁላችንም ክንዶቹ ተፈናጥረው የሚመለሱ መስሎን ፈቀቅ አልን። ብረቱ ከዳዶው ጋር ጸና።

አባቴ ጎማውን አነሣና አሽከረከረ። አናቱን ይዞ ነቀነቀ። «ሞላ፣ ና ስማ።»

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝም ብሏል።

ጥምቀት ላይ የሚካኤል ከበሮ ወጣ። ድምፁ ገደል ወርዶ ይመለስ ነበር። ግን ወሬው ቀድሞ ወጥቷል፤ እንድሪስ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ጉድ ብሎ ነው ያወራው። ከበሮ መቺዎቹ አያ ሲያልፉ ጠሯቸው።

«አያ ተስፉ! ይሄንን የለኩት በእርጥቡ ነው በደረቁ?»

«ገብሬ እንዳይሰማ፣ አያ! ሱሪውንም አሳጥረውበት እንዳይሆን!»

ሰው ሳቀ። አያ አብረው ሳቁ። እጃቸውን ይዤ ነበር የምሄድ፤ አፌን ስከፍት መዳፌን ጨመቅ አደረጉት። ዘጋሁት።

ከቃና ዘገሊላ ማግሥት ጸሐፊው ደጃችን ላይ ቆሞ አየ። አባቴ የወረቀቱን ቦርሳ በትከሻው አጋድሞ ወጣ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ እግሩን አነሣና ለቀቀው። የሰንሰለቱ ድምፅ እየራቀ ሄደ። እናቴን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣ አየኋት። አባቴ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ተመለሰ። ተረከዙ አልደማም።

በሰላም ከተመለሰ ትነግረዋለህ ብለውኝ ነበር። ዛሬ ልንገረው አልኩ፤ ደክሞታል። ነገ አልኩ፤ ደስ ብሎታል፣ ላበላሽበት አልፈለግኩም። እንዲህ እያልኩ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ወጣ። አባቴ ለአያ እንደ ድሮው ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲያ የሚለካ ነገር ካለ ለራሱ ይለካል እንጂ እሳቸውን አይጠይቅም። ይህን አያ ያውቁታል። እኔም አውቀው ነበር።

በሐምሌ አያ ሁለት ቀን ታመው ዐረፉ። ዝናብ ነበር። መቃብር ቆፋሪዎቹ የሬሳውን ቁመት በገመድ ለክተው ሊወስዱ ሲሉ ገመዱ በዝናቡ ርሶ ነበርና፣ አንዱ ሽማግሌ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ «እርጥቡን ነው ደረቁን?» አለ። ልቅሶው መሃል ሰው ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ሳቀና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔ ከእናቴ ኋላ ቆሜ ነበር። አሁን፣ አልኩ። አሁን ተናገር። ምላሴ አልታዘዘኝም።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ዛፍ ሥር አብሬያቸው ወደተቀመጥኩት ልጆች ልመለስ። አንደኛው ከበሮውን ይዟል፣ ሌላኛው ለወገቡ የሚሆን ጠፍር ሊቆርጥ ቅዳጅ ዘረጋ፣ ካራውን አነሣ።

«ኧረ ቆይ!» አለው ጓደኛው። «እርጥቡን ነው ደረቁን?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሰው ሁሉ እንደሚስቅበት ተራ ነገር። ካራው ወረደ።

«ይቺ አባባል ከየት እንደመጣች ታውቋታላችሁ?» አልኳቸው።

«ኧረ እኛ እንጃ፣ አባባ። ድሮም ይባላል። ለክቶ የሚሳሳትን ሰው እንዲህ እንለዋለን። የሆነ ዝርክርክ ሽማግሌ ነበር ይላሉ፣ እርጥብ ለክቶ—»

«ዝርክርክ አልነበሩም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ሁለቱም ካራና ከበሮ ይዘው አዩኝ። «አያ ተስፉ ነው ስማቸው። ደረቁን ነበር የለኩት። እርጥቡን የለካሁት እኔ ነኝ።»